የፓይተን ፋይል ለሲ ላይብረሪ ስሰጥ ርእሱ እየጠፋብኝ ነው

የማታ_ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቆየ የሲ ኤክስቴንሽን (በሲ ተጽፎ ከፓይተን የሚጠራ ሞጁል) ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3 እያሻገርኩ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። በፓይተን በኩል ፋይል ይከፈትና ርእስ ይጻፍበታል። ከዚያ ፋይሉ ለኤክስቴንሽኑ ይሰጣል። ኤክስቴንሽኑ ደግሞ ሰንጠረዥ ለሚያወጣ ሌላ የሲ ላይብረሪ ያቀብለዋል። ላይብረሪው የሚቀበለው የሲን ፋይል ፖይንተር (ሲ ክፍት ፋይልን የሚይዝበትን ጠቋሚ) ብቻ ነው፤ የእሱን ኮድ መንካት አልችልም።

ድሮ ፓይፋይል_አዝፋይል ነበረችና ነገሩ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። ፓይተን 3 ላይ ይህች ፈንክሽን የለችም። ስለዚህ በፓይኦብጀክት_አዝፋይልዲስክሪፕተር ዲስክሪፕተሩን፣ ማለትም ለክፍት ፋይል የሚሰጠውን ቁጥር፣ አወጣሁ። በኤፍዲኦፕን ፋይል ፖይንተር ሠራሁለት። ላይብረሪው ጽፎ ሲጨርስ በኤፍክሎዝ ዘጋሁት።

ውጤቱ ይኸው፦ ሰንጠረዡ በትክክል ይጻፋል፣ ርእሱ ግን ጭራሽ የለም። ፓይተን ፋይሉን ልዝጋ ሲል ደግሞ "ባድ ፋይል ዲስክሪፕተር" ብሎ ስሕተት ቁጥር 9 ይሰጣል። ኤፍክሎዝን አውጥቼ፣ የተጠራቀመውን ወደ ፋይሉ በሚያወርደው በኤፍፍላሽ ስተካው ስሕተቱ ይጠፋል፣ ርእሱም ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ከሰንጠረዡ በታች ነው። የሚገርመው፣ ውጤቱን ወደ ተርሚናል ሳደርገው ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። ምን እየሆነ ነው?

---

ጥልቅ_ሲ

ሰላም ወንድሜ። ያየሃቸው ምልክቶች ሁሉ ምንጫቸው አንድ ነው።

በፓይተን 2 የፋይል ኦብጀክት በሲ ፋይል ፖይንተር ላይ የተጠቀለለ ስስ ሽፋን ነበር። ፓይፋይል_አዝፋይል የምታደርገው ውስጡ ያለውን አውጥቶ መስጠት ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ፓይተን 3.0 ሲወጣ የፋይል አሠራሩ በፔፕ 3116 (የፓይተን የለውጥ ሐሳብ ሰነድ) መሠረት ከሥሩ ተለወጠ። አሁን ውስጡ የሲ ፋይል ፖይንተር የሚባል ነገር የለም። ፈንክሽኗ የተወገደችው የምትመልሰው ነገር ስለሌለ ነው።

በቦታው ያለው ድርብርብ ነው። ከሥር ፋይልአይኦ አለ፤ የከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ዲስክሪፕተር ቁጥር የያዘው እሱ ነው። ከላዩ በፈርድራይተር አለ፤ ባይቶችን ያጠራቅማል። ለብዙ ዓመታት የተለመደው መጠኑ 4096 ወይም 8192 ባይት ነበር። ፋይሉን በጽሑፍ ሁነታ ከከፈትከው ደግሞ ቴክስትአይኦራፐር ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይረው እሱ ነው፤ እሱም ለብቻው የሚያጠራቅመው አለው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ርእሱን ስትጽፍ ከርነሉ ጋር አልደረሰም፤ በፓይተን በፈር (ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ተቀምጧል። አንተ ዲስክሪፕተሩን ይዘህ ከሥር ገባህና ሰንጠረዡን ጻፍክ። ከዚያ ኤፍክሎዝ ዲስክሪፕተሩን ራሱን ዘጋው። ፓይተን ያጠራቀመውን ርእስ ሊያወርድ ሲመጣ ቁጥሩ ሞቷል። ስሕተት 9 ያ ነው፤ ርእሱም አብሮ ጠፋ። ኤፍፍላሽ ብቻ ስትጠራ ዲስክሪፕተሩ ክፍት ስለቆየ ርእሱ በመዝጊያው ሰዓት ወረደ፤ ግን ሰንጠረዡ ቀድሞታል። ተርሚናል ላይ ልክ የሆነው፣ ተርሚናል ሲሆን ፓይተን በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ስለሚያወርድ ነው።

ስሕተት 9 በማየትህ ዕድለኛ ነህ፤ ከዚህ የሚብስ አለ። ከርነሉ አዲስ ፋይል ሲከፈት የሚሰጠው ነፃ ከሆኑት ትንሹን ቁጥር ነው። ኤፍክሎዝ ካደረግህ በኋላ ሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ፋይል ወይም ሶኬት ቢከፍት ያንኑ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ያኔ ፓይተን ርእስህን የማያውቀው ሶኬት ውስጥ ይጽፋል፤ ቀጥሎም ይዘጋዋል። ምንም የስሕተት መልእክት አይኖርም።

መፍትሔው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የፋይሉን ፍላሽ ሜተድ ጥራ። ጥሪው ከላይኛው ኦብጀክት ላይ ይሁን፤ እሱ ሲወርድ የታችኞቹም ይወርዳሉ። የመለሰልህ ነል (የሲ ባዶ ፖይንተር፣ የስሕተት ምልክት) ከሆነ እዚያው አቁምና ኤክሴፕሽኑን ወደ ላይ አሳልፍ፤ ዲስኩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ዲስክሪፕተሩን አውጣና ቅጂ ሥራለት። ተራውን ዱፕ አትጠቀም፤ ኤፍሲኤንቲኤልን በኤፍ_ዱፕኤፍዲ_ክሎኤክዜክ ጥራ። ከፓይተን 3.4 ጀምሮ ፓይተን የሚከፍታቸው ዲስክሪፕተሮች ወደ ልጅ ፕሮሰስ አይወረሱም። ተራው ዱፕ ግን የሚወረስ ቅጂ ነው የሚሰጥህ። ኤፍዲኦፕንን በቅጂው ላይ ጥራ። የመጻፊያ ሁነታ ስለሰጠኸው ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል ብለህ አትስጋ፤ ኤፍዲኦፕን ያንን አያደርግም። ላይብረሪው ሲጨርስ ኤፍክሎዝ በል፤ የሚዘጋው ቅጂው ብቻ ነው።

ቅጂውና ዋናው የሚጋሩት የቦታ ጠቋሚ አንድ ነው። ስለዚህ ለመጻፍ ብቻ በተከፈተ ፋይል ላይ ፓይተን በኋላ መጻፍ ሲቀጥል ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ይጽፋል።

ኤፍክሎዝ የሚመልሰውንም ቁጥር እይ። የመጨረሻዎቹ ባይቶች የሚወርዱት እዚያ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የዲስክ መሙላት የሚታወቀው እዚያ ነው። ይህን የማያይ ኮድ ብዙ አይቻለሁ፤ ተጠቃሚው ግማሽ ፋይል ይዞ "ተሳክቷል" ይባላል።

---

ዘርዛሪዋ

ጥልቅ_ሲ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ግን መነሻው ላይ ጥያቄ አለኝ። ዲስክሪፕተር ማውጣት የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ። ተጠቃሚው በጂዚፕ ሞጁል የከፈተውን ፋይል ለኤክስቴንሽኑ ቢሰጥስ? ጂዚፕፋይል ፋይልኖ የሚባል ሜተድ አለው። ሲጠራ የሚመልሰው ከሥሩ ያለውን፣ የታመቀው ዳታ የሚጻፍበትን ፋይል ቁጥር ነው። ያንተ ኮድ ቁጥሩን በደስታ ይቀበላል። ያልታመቀ ሰንጠረዥ በታመቀው ጅረት መሃል ይጽፋል። ፋይሉ ተበላሸ፤ በዚያ ሰዓት ግን ማንም አያውቅም። የሚታወቀው ሌላ ቀን ሊፈታ ሲሞከር ነው። ቢዚ2 እና ኤልዜድኤምኤም እንዲሁ ናቸው።

በተቃራኒው ባይትስአይኦ አለ። እሱ ሙሉ በሙሉ በሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ ዲስክሪፕተር የለውም። ፋይልኖ ሲጠራ አንሰፖርትድኦፕሬሽን የሚል ኤክሴፕሽን ያነሳል። ቴስት የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚሰጥህ ደግሞ ባይትስአይኦ ነው። እንግዲህ ኤክስቴንሽንህ ጥፋት ሊያደርስበት የሚችለውን ተቀብሎ፣ ምንም ጉዳት የሌለውን ይመልሳል ማለት ነው።

በፓይተን 3 "ፋይል" ማለት ራይት እና ሪድ ብለው ሲጠሩት የሚመልስ ኦብጀክት ነው። ከሲም ሆነን በዚያው ቋንቋ ብናናግረው ይሻላል። ፓይኦብጀክት_ኮልሜተድ ብለህ ራይትን ትጠራለህ፣ ባይቶቹን ትሰጣለህ። በቃ። በፈሩ፣ ማመቁ፣ ቅደም ተከተሉ የኦብጀክቱ ጉዳይ ይሆናል።

---

የማታ_ፈረቃ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዘርዛሪዋ፣ የጂዚፑ ነገር አስደንግጦኛል፤ ተጠቃሚዎቻችን ጂዚፕ ይጠቀማሉ። ግን ላይብረሪው ፋይል ፖይንተር ካልሆነ አይቀበልም። ራይት ሜተድ ብጠራለት የት ላይ ነው የምጠራው?

---

ዘርዛሪዋ

ራስህ የምትመራው ፋይል ፖይንተር መሥራት ትችላለህ። በሊኑክስ ላይ ኤፍኦፕንኩኪ የምትባል ፈንክሽን አለች። የማንበቢያ፣ የመጻፊያ፣ የመፈለጊያና የመዝጊያ ፈንክሽኖች ትሰጣታለህ፤ እሷ ተራ ፋይል ፖይንተር ትመልስልሃለች። በቢኤስዲና በማክኦኤስ ፈንኦፕን ተመሳሳይ ሥራ ትሠራለች፤ አጠራሯ ይለያል። የመጻፊያ ፈንክሽንህ ውስጥ የፓይተኑን ራይት ትጠራለህ። ላይብረሪው ልዩነቱን አያውቅም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉትን ልንገርህ፤ እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል።

ባይቶቹን በፓይባይትስ_ፍሮምስትሪንግአንድሳይዝ ገልብጠህ ስጥ። መገልበጡን ለማስቀረት ሲሉ የሲን ሜሞሪ በሜሞሪቪው ጠቅልለው የሚሰጡ አሉ። ተቀባዩ ባይቶቹን ወዲያው ከተጠቀመባቸው ይሠራል። ግን ራይት የሚለው ሜተድ በተጠቃሚው የተጻፈ ቢሆንና የተሰጠውን ሁሉ ሊስት ውስጥ ቢያስቀምጥስ? ላይብረሪው ያንን ሜሞሪ ነገ ለሌላ ይጠቀምበታል፤ ሊስቱ ውስጥ ያለው ሜሞሪቪው ግን አሁንም ወደዚያው ይጠቁማል። የአንድ ኮፒ ወጪ ለማትረፍ ብሎ ይህን አደጋ መጋበዝ አያዋጣም።

ሁለተኛ፣ ራይት የሚመልሰውን ቁጥር አንብብ። በፈር ያለው ፋይል ሁሉንም ይቀበላል። በፈር የሌለው ፋይልአይኦ ግን ከሰጠኸው ያነሰ ጽፎ የጻፈውን ቁጥር ሊመልስ ይችላል። ነን (የፓይተን ባዶ እሴት) ብሎም ሊመልስ ይችላል፤ ያ ማለት አሁን መጻፍ አልተቻለም ነው። የቀረውን ይዘህ ድገም፤ ነን ከመጣ እንደ ስሕተት ቁጠረው።

ሦስተኛ፣ ኤክሴፕሽን ከተነሳ የመጻፊያ ፈንክሽንህ ዜሮ ይመልስ። የኤፍኦፕንኩኪ ሕግ ነው፤ ኔጋቲቭ ቁጥር አይፈቀድም። ኤክሴፕሽኑን አታጥፋው፤ ባለበት ተወው። ችግሩ ላይብረሪው ስሕተቱን ችላ ብሎ መጻፉን ሊቀጥል ይችላል፤ ኤፍክሎዝም ቢሆን የቀረውን ሊያወርድ ይሞክራል። ስለዚህ በመጻፊያ ፈንክሽንህ መጀመሪያ ላይ ፓይኤረር_ኦከርድን ጠይቅ። ኤክሴፕሽን ካለ ፓይተንን ሳትነካ ወዲያው ዜሮ መልስ። በመጨረሻ ላይብረሪው ሲመለስና ከኤፍክሎዝም በኋላ ፈትሽ። ካለ ነል መልስ፤ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ኤክሴፕሽን ያያል።

---

ጥልቅ_ሲ

> ራስህ የምትመራው ፋይል ፖይንተር መሥራት ትችላለህ

እስማማለሁ፤ የጂዚፑ ምሳሌ አሳማኝ ነው። ፍጥነቱን ግን እናንሳው። ላይብረሪው ኤፍፕሪንትኤፍን ለእያንዳንዱ ሕዋስ ቢጠራ፣ እያንዳንዱ ወደ ፓይተን ከወጣ ያማል። እንደ እድል ሆኖ ኤፍኦፕንኩኪ የሚሰጠው ፋይል ፖይንተር የራሱ በፈር አለው። በሴትቪበፍ 64 ኪሎባይት ስጠው። ያኔ ወደ ፓይተን የሚኬደው በየ64 ኪሎባይቱ ነው፤ የጥሪው ወጪ ከቁጥር አይገባም።

ጊልን (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ፓይተንን እንዲነካ የሚያደርገውን ቁልፍ) በተመለከተ ደግሞ። በዲስክሪፕተሩ መንገድ ስትሄድ ላይብረሪው በሚጽፍበት ጊዜ ጊልን ልቀቅ፤ ሌሎች ትሬዶች ይሥሩ። ቅጂ የሠራንበት ሌላው ጥቅም እዚህ ነው፤ ጊሉን በለቀቅህበት ሰዓት ሌላ ትሬድ ፋይሉን ቢዘጋው ያንተ ቅጂ በሕይወት ይቆያል። በኩኪው (በኤፍኦፕንኩኪ) መንገድ ስትሄድ ግን መጻፊያው ፓይተንን ይነካል። ላይብረሪውን ስትጠራ ጊልን ለቅቀህ ከሆነ፣ መጻፊያው ሲገባ በፓይጊልስቴት_ኢንሹር መያዝ፣ ሲወጣ በፓይጊልስቴት_ሪሊዝ መልቀቅ አለበት። ኤክሴፕሽን መኖሩን መጠየቁም ከመያዝ በኋላ ነው። ሰንጠረዡ ትንሽ ከሆነ ጊልን ጨርሶ አለመልቀቅ ኮዱን በጣም ያቀላል። እኔ በዚያ እጀምር ነበር።

ጊል ተለቀቀ ማለት ሌላ ትሬድ እዚያው ፋይል ላይ ሊጽፍ ይችላል ማለት ነው። ያንን የሚከለክልልህ የለም። በሰነድህ ላይ "ፈንክሽኑ እስኪመለስ ፋይሉን አትንኩ" ብለህ ጻፈው።

---

ንብ_ኮድ

ስለ መጻፍ ሲወራ ሁሉም ተነግሯል። ማንበብ ግን የከፋ ነው፤ ወደፊት ሊገጥምህ ስለሚችል ልጨምር።

ፓይተን አንድ መስመር እንዲያነብልህ ስትጠይቀው ከርነሉን አንድ መስመር አይጠይቅም። በፈሩን ሙሉ አድርጎ ያነባል፤ መስመሯን ይሰጥሃል፤ የቀረውን ይይዛል። ፋይሉ ትንሽ ከሆነ የከርነሉ ጠቋሚ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ደርሷል። ያኔ ዲስክሪፕተሩን ለሲ ላይብረሪ ብትሰጠው "ፋይሉ ባዶ ነው" ይልሃል። እዚህ ላይ ፍላሽ አይረዳህም፤ ፍላሽ የሚያወርደው የሚጻፈውን እንጂ የተነበበውን አይመልስም።

ብዙ ሰው የሚሞክረው የቴልን (ያለበትን ቦታ የሚናገረውን) ውጤት ለሲክ (ወደ ተሰጠው ቦታ ለሚሄደው) መልሶ መስጠት ነው። ይህ አይሠራም። የፓይተን በፈር፣ የተጠየቀው ቦታ በእጁ ባለው ዳታ ውስጥ ከሆነ ከርነሉን ሳይነካ የራሱን ጠቋሚ ብቻ ያንቀሳቅሳል። ለፍጥነት የተደረገ ነው፤ ዲስክሪፕተሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ፋይሉ በባይናሪ ሁነታ ይከፈት። ቴል ጠርተህ ፓይተን ያለበትን ቦታ ያዝ። ከዚያ በሲ በኩል በኤልሲክ ከርነሉ ያለበትን ቦታ ለብቻው መዝግብ፤ ጠቋሚውንም ወደ ፓይተኑ ቦታ ውሰድ። ላይብረሪው ያንብብ። ሲጨርስ የደረሰበትን መዝግብና የከርነሉን ጠቋሚ ወደ ቀድሞው ቦታ መልስ። በመጨረሻ የፓይተኑን ሲክ በአዲሱ ቦታ ጥራ። መመለሱን አትዝለለው። ፓይተን ከርነሉ የት እንዳለ በልቡ ይዟል፤ ሳታሳውቀው ካንቀሳቀስክበት የሚቀጥለው ስሌቱ ይዛባል። የራስህ ኮድ ከሆነ የሚያነበው ይህን ሁሉ ትተህ ፒሪድን ተጠቀም፤ ጠቋሚውን አይነካም።

በጽሑፍ ሁነታ የተከፈተ ፋይል ከሆነ ተወው። እዚያ ቴል የሚመልሰው ቁጥር የባይት ቦታ ነው ብለህ መተማመን አትችልም፤ የኢንኮዲንጉን ሁኔታም አብሮ ሊይዝ ይችላል። ፎር እያልክ መስመር በመስመር እየሄድክ ከሆነማ ቴል ራሱ ኤክሴፕሽን ያነሳል። ፓይፕና ሶኬትም ወደኋላ አይመለሱም፤ ፓይተን አንድ ጊዜ ያነበበው በሲ በኩል አይገኝም። ለእነዚህ ሁሉ ሪድ ሜተድን መጥራት ብቻ ነው ያለው መንገድ።

---

መስኮት_ዳር

ዊንዶውስ ላይ ለምትሠሩ አጭር ማስታወሻ። እዚያ ዲስክሪፕተር የከርነል ቁጥር አይደለም፤ የሲ ራንታይሙ (ከሲ ፕሮግራም ጋር የሚሄደው መደበኛ ላይብረሪ) ነው። ኤክስቴንሽናችሁ የተገነባበት ራንታይም ከፓይተኑ ከተለየ የእነሱ 3 ቁጥር የእናንተ 3 አይደለም። ከፓይተን 3.5 ወዲህ ሁሉም በአንድ የጋራ ራንታይም ስለሚገነቡ ችግሩ ቀንሷል። የዲበግ ግንባታ ከሪሊዝ ጋር ከተቀላቀለ፣ ወይም ራንታይሙ ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ስታቲክ ሆኖ ከተገነባ ግን አሁንም አለ። ኤፍዲኦፕንንም በባይናሪ ሁነታ ጥሩት፤ ያለበለዚያ እያንዳንዱ የመስመር መጨረሻ ሁለት ባይት ሊሆን ይችላል። ኤፍኦፕንኩኪ ዊንዶውስ ላይ የለችም። እኛ ጊዜያዊ ፋይል ላይ አስጽፈን፣ መልሰን አንብበን በራይት ነው የምናስተላልፈው። ያለ ችግር ይሠራል።

---

የማታ_ፈረቃ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬያለሁ። የወሰንኩትን ልጻፍ፣ ስሕተት ካለው አርሙኝ።

የኩኪውን መንገድ ዋና አደረግሁት። ፈጣኑን የዲስክሪፕተር መንገድ የምጠቀመው ፋይሉ እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጥኩ ብቻ ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ ኦብጀክቱ በፈርድራይተር ከሆነ፣ ሮው የሚለው አትሪቢዩቱ ትክክል ፋይልአይኦ መሆኑን አያለሁ። ቴክስትአይኦራፐር ከሆነ መጀመሪያ ፍላሽ ጠርቼ በፈር በሚለው አትሪቢዩት አንድ ደረጃ እወርዳለሁ፤ ፍተሻው ከዚያ ይቀጥላል። ሌላው ሁሉ በኩኪው ይሄዳል። ጂዚፑም ባይትስአይኦውም አሁን በትክክል ይሠራሉ። ርእሱም ከላይ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ተጠቃሚው ፋይል ካልሰጠ ወደ ኤስቲዲአውት እንዲጽፍ እፈልጋለሁ። ዲስክሪፕተር 1ን በቀጥታ ብጠቀምስ?

---

ዘርዛሪዋ

ፍተሻህ ጥሩ ነው። በፈር በሚለው ስትወርድ የምታገኘው ባይት የሚቀበለውን ነው፤ ላይኛው ስትሪንግ ካልሆነ ታይፕኤረር ስለሚያነሳ ለኩኪውም የሚያስፈልግህ የታችኛው ነው። ያ አትሪቢዩት የሌለው የጽሑፍ ኦብጀክትም ይመጣል፤ ስትሪንግአይኦ አንዱ ነው። ለእሱ ባይቶቹን ወደ ስትሪንግ ቀይረህ ስጥ። በፈሩ የአንድን ፊደል ባይቶች መሃል ላይ ሊቆርጥ ስለሚችል ኢንክሪሜንታል ዲኮደር ተጠቀም። በዩቲኤፍ-8 የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ነው፤ መቆረጡ የማይቀር ነው።

ኤስቲዲአውትን በተመለከተ፣ 1ን በቀጥታ አትጠቀም። ጁፒተር ውስጥ የፓይተኑ ኤስቲዲአውት በሌላ ኦብጀክት ተተክቷል፤ 1 ላይ የጻፍከው ኖትቡኩ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ፓይቴስትም ውጤቱን ለመያዝ ይተካዋል። በፓይሲስ_ጌትኦብጀክት "ኤስቲዲአውት" ብለህ አውጣና እንደማንኛውም ፋይል ያንኑ ፍተሻ አሳልፈው። የሚመለሰው የተዋሰ ሪፈረንስ ስለሆነ ላይብረሪው እስኪጨርስ ፓይ_ኢንክሬፍ አድርገህ ያዝ፤ በመሃል ሌላ ኮድ ሊተካው ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ኮንሶል በፓይተንደብሊው ሲሠራ ኤስቲዲአውት ነን ይሆናል፤ ያንንም ቀድመህ ፈትሽ። ለአጭር መልእክት ፓይሲስ_ራይትኤስቲዲአውት አለልህ፤ ከ1000 ባይት በላይ ያለውን ግን ይቆርጠዋል፤ ለሰንጠረዥ አይሆንም።

---

የማታ_ፈረቃ

የስትሪንግአይኦውን አላሰብኩትም ነበር፤ ዲኮደሩን አሁኑኑ እጨምራለሁ። ኢንክሬፉንም። ኮዱ ሲጣራ ዋናውን ክፍል እዚሁ እለጥፈዋለሁ።